የከብት ሐኪም በጤና ጣቢያ ምን ይሠራል?



በቅርቡ ከአንድ ጉባኤ ሽማግሌ ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሐፊው ከማኅበረ ምእመናናቸው ጋር ሆነው ይህን አገልግሎት ለብዙ ዓመታት በጸሎትና በገንዘብ ሲደግፉ የቆዩ አባት ናቸው። ደብዳቤያቸው አጭርና ግልጽ ነው። «ገንዘቡን የሰጠነው ለታመመና ለተራበ ሰው ነው። አሁን በሪፖርታችሁ ላይ የእንስሳት ሐኪሞችን በኅብረተሰብ ጤና ለማሠልጠን እንዳዋላችሁት አነበብን። የከብት ሐኪም ከብቱን ያክም፤ ሰውን ለሰው ሐኪም ተዉለት። ወይስ እኛ ያልገባን ነገር አለ?» ይላሉ።

አባታችን ስለ ጠየቁን እናመሰግናለን። ጥያቄው ከመጋቢነት የመጣ ነው፤ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም የተቀበለ ሰው ስለ አወጣጡ መልስ መስጠት ይገባዋልና። ይህንኑ ጥያቄ እኛም በኮሚቴያችን ውስጥ ደጋግመን ተነጋግረንበታል። ሐሳባችንን ያስለወጠን ግን ክርክሩ ሳይሆን የገዛ ራሳችን ስሕተት ነው። ስለዚህ እርሱን አስቀድመን እንናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቆላማ ወረዳ፣ ድርቅ ከብቶቻቸውን ለጨረሰባቸው እናቶች ፍየል አከፋፍለን ነበር። አብዛኞቹ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ናቸው። ፍየሎቹን ከአካባቢው ገበያ ገዛን። ጥርሳቸውን አየን፤ ጡታቸውን ዳሰስን፤ የምታነክሰውንና የምታስለውን መለስን። ከዚያም ጸልየን፣ ፎቶግራፍ አንሥተን አስረከብን። የደም ምርመራ ግን አላደረግንም። እንዲደረግ ያሳሰበንም አልነበረም፤ በፕሮጀክቱ ውስጥ የጤና ረዳት፣ የውኃ ቴክኒሺያንና የእርሻ ባለሙያ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አልነበረንምና።

ከጥቂት ወራት በኋላ ብዙዎቹ ፍየሎች ጨነገፉ። እናቶቹ የሞተውን ግልገልና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጃቸው አነሡ፤ ሌላ ምን ያድርጉ? ወተት የሰጡትንም አልበው ልጆቻቸውን አጠጡ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ትኩሳት ጀመረ። ወደ ማታ የሚብስ፣ ሌሊት በላብ የሚያጠምቅ፣ ወገብንና ጉልበትን የሚቆረጥም ትኩሳት ነው። ጤና ጣቢያው በመጀመሪያ ወባ ነው አለ፤ ቀጥሎም ታይፎይድ ነው አለ። ከእናቶቹ አንዷ በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ተመላልሰው አራት ጊዜ ክኒን ተቀበሉ። ለመድኃኒቱ የነበሯቸውን ዶሮዎች ሸጡ።

ነገሩን የፈታው የወረዳው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው። የመጣው ፍየሎቹን ለማየት ነበር። ስለ ጭንገፋው ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ደብተሩን ሳያጥፍ፣ «እማማ፣ እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው?» አላቸው። «ኧረ ልጄ፣ እኔማ አጥንቴ አልቋል» አሉት። ያን ጊዜ የፍየሎቹን ደም ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ላከ፤ የእናትዮዋም ደም እንዲመረመር ለጤና ጣቢያው ማስታወሻ ጻፈ። ውጤቱ አንድ ሆነ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ነው። እኚህ እናት በሁለት ዐይነት መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ታክመው ዳኑ። ሌሎችም ተመርምረው ታከሙ። ፍየሎቹን አስወግደን በሌሎች ተካን፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ እናቶች እስከ ዛሬ ድረስ ከእኛ እጅ ፍየል ለመቀበል አይፈልጉም። አንፈርድባቸውም። ርዳታችን በሽታ ይዞ ቤታቸው ገብቷልና ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ይህ በሽታ አዲስ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በማልታ ደሴት ላይ በትኩሳት ከሞቱ ወታደሮች አካል ውስጥ ተሕዋሲውን አገኘ። ማልታ በሐዋርያት ሥራ መላጥያ የተባለችው፣ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ ያረፈባት ደሴት ናት። የፑፕልዮስ አባት በንዳድ ታሞ ሳለ ጳውሎስ ጸልዮ እንደ ፈወሰው አንብባችኋል፤ ያ ንዳድ ይኸው የማልታ ትኩሳት ይሆን ብለው የገመቱ ሐኪሞች አሉ። እኛ በዚህ ላይ አንከራከርም።

ተሕዋሲው ከታወቀ በኋላ እንኳ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ 18 ዓመት አለፈ። ሐኪሞቹ አየሩን፣ ትንኙን፣ የፍሳሽ ቦዩን ጠረጠሩ። በዚያን ጊዜ የማልታ ፍየል አላቢዎች መንጋቸውን ከደጅ ወደ ደጅ እየነዱ ወተቱን በደንበኛው ፊት አልበው ይሸጡ ነበር። ፍየሎቹ ጤነኞች ይመስሉ ስለ ነበር ማንም አልጠረጠራቸውም። በ1905 ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የተባለ የደሴቲቱ ተወላጅ ሐኪም የፍየሎችን ደም መረመረና በሽታው ከእነርሱ ውስጥ መኖሩን አሳየ። በዚያው ዓመት ከማልታ ወደ አሜሪካ ፍየሎች የጫነች አንዲት መርከብ ነበረች፤ በጉዞ ላይ የፍየሎቹን ጥሬ ወተት የጠጡት መርከበኞች በትኩሳቱ ተያዙ። የጦሩ አዛዦች በ1906 ለወታደሮቹ የፍየል ወተት ሲከለክሉ በሽታው በጦር ሰፈሩ ውስጥ ወዲያው ቀነሰ። የደሴቲቱ ሕዝብ ግን ያንኑ ያልፈላ ወተት ከ30 ዓመት በላይ ሲጠጣ ኖረ። ወታደርን ማዘዝ ይቻላል፤ ባለ ፍየሉን ገበሬና ወተት ገዢውን እናት ማሳመን ግን ሌላ ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው ነው እኛ እናሠልጥን የምንለው።

እንግዲህ ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። ሰውን ከሚይዙት የታወቁ ተላላፊ በሽታዎች መካከል 60 በመቶ ያህሉ ከእንስሳት ጋር የምንጋራቸው ናቸው። በሀገራችን በ2015 የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በአንድነት ተቀምጠው ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡ አምስት በሽታዎችን መርጠዋል፤ እነዚህም የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኤኪኖኮከስ የሚባለው የውሻ ትል በሽታ ናቸው። ከአምስቱ አንዱም በሆስፒታል አልጋ ላይ የሚጀምር አይደለም። የሚጀምሩት በበረት፣ በግጦሽ መስክ፣ በእርድ ቦታና በደጃፍ ነው። የሰው ሐኪም የሚያያቸው በመጨረሻ ነው።

«ከብቱን ያክም» ለሚለው ደግሞ የአባቶቻችን ታሪክ ይበቃል። ከ1888 እስከ 1892 ድረስ ክፉ ቀን የተባለው ዘመን የገባው ደስታ በሚባለው የከብት በሽታ ነው። በሬው ሲያልቅ ማረሻው ቆመ፤ ማረሻው ሲቆም ሰው አለቀ። ይህ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በ2011 ለዓለም ታውጇል፤ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው። መጨረሻ ላይ አስቸጋሪ ሆነው ከቆዩት ቦታዎች አንዱ የእኛው አፋር ነበረ። ለሳምንታት ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆይ ክትባት ከተገኘ በኋላ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ራሳቸው እየተዘዋወሩ ከተቡ። የተማረ የእንስሳት ሐኪም አሠለጠናቸው እንጂ በየበረቱ አልሄደላቸውም። ይህን ነጥብ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ልብ እንዲሉት እንፈልጋለን፤ አንድ ሐኪም ስናስተምር የምናስበው የአንድ ሰው እጅ አይደለም።

አሁን ስለ ሥልጠናው ራሱ እንናገር። በሀገራችን የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የተከፈተው በ1979 ነው። ዛሬ በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐረማያ፣ በመቀሌ፣ በሐዋሳና በሌሎችም ይሰጣል። ተማሪው ስድስት ዓመት ያህል ይማራል። በዚህ ጊዜ ስለ ሥጋና ወተት ንጽሕና፣ ከእንስሳት ወደ ሰው ስለሚተላለፉ በሽታዎችም ይማራል። ታዲያ ለምን ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልገዋል?

በመጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይዞት የሚመጣው አንድ መልካም ነገር አለ፤ ስለ መንጋ ማሰብ ለምዷል። የሰው ሐኪም የሚማረው በፊቱ ስለ ተኛው አንድ በሽተኛ ነው፤ መማርም ያለበት ይህንኑ ነው። የእንስሳት ሐኪም ግን አንዲት ላም ታማ ሲያይ ወዲያው «ስንት ናቸው? ከመቼ ጀምሮ? ምን በሉ? አዲስ የመጣ ከብት አለ? ጎረቤትስ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ የኅብረተሰብ ጤና መሠረት ነው። ሥልጠናው በዚህ ላይ ይገነባል። የበሽተኞችን ቁጥር እንዴት መሰብሰብና ማወዳደር እንደሚቻል፣ ከስንት ቤት ናሙና እንደሚወሰድ፣ ከላቦራቶሪ የመጣ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ፣ በገበያና በቄራ ላይ ሕጉ ምን እንደሚል ይማራል። በሀገራችን በ2009 የተጀመረው የመስክ ኤፒዴሚዮሎጂ ሥልጠና ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ አብዛኛው ጊዜ በክፍል ውስጥ ሳይሆን ወረርሽኝ በተነሣበት ቦታ ላይ ያልፋል። በእንስሳት ሕክምና ኮሌጆችም በዚሁ ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጡ አሉ።

ሁለተኛ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም መተው ያለበት ነገር አለ። ለመንጋው ሲባል አንዷን በግ ማረድ ይቻላል፤ ለእርሱ ይህ የዘወትር ውሳኔ ነው። በሰው ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ሐሳብ አይገባም። የታመመ ሰው ስም በመንደር አይነገርም፤ ደሙ ያለ ፈቃዱ አይቀዳም፤ ለብዙዎች ጤና ሲባል አንዱ አይጣልም። አንድ ያስተማርነው ወጣት፣ «ከትምህርቱ ሁሉ የከበደኝ ሰው እንደ ከብት እንደማይቆጠር መማር ነው» ብሎ በሳቅ ነግሮናል። ቀልድ ነው፤ ግን እውነት አለበት።

ይህ ሙያ በሌላውም ዓለም የቆየ ነው። በአሜሪካ ጄምስ ስቲል የተባለ የእንስሳት ሐኪም በ1947 የበሽታ መቆጣጠሪያው መሥሪያ ቤት ውስጥ የዚህን ሙያ ክፍል አቋቋመ። በዓለም የጤና ድርጅትም ከ1949 ጀምሮ ማርቲን ካፕላን የተባለ የእንስሳት ሐኪም ይህን ሥራ መርቷል። ነገሩን እኛ አልፈለሰፍነውም ለማለት ያህል ነው።

በምሳሌ ካላየነው ግን አይገባምና ሁለት በሽታዎችን እንውሰድ።

ኮሶን የማያውቅ የሀገራችን ሰው የለም። አያቶቻችን በየጊዜው የኮሶ ዛፍ አበባ ወቅጠው ይጠጡ ነበር፤ ዛፉና ትሉ በአንድ ስም መጠራታቸው ምን ያህል እንደ ተዋወቁ ያሳያል። ትሉ የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከሰው ዐይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣር ላይ ይወድቃል፤ በሬው ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ ከዚያም በሥጋው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል ውኃ የቋጠረች ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ሥጋውን ጥሬውን ሲበላ ትሉ እንደ ገና በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል። የሰው ሐኪም ክኒን ይሰጣል፤ ሰውዬው ድኖ በሚቀጥለው በዓል ተመልሶ ይይዘዋል። በቄራ ያለው የሥጋ መርማሪ የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱንና ልቡን ቆርጦ አይቶ ሥጋውን ይጥላል፤ ባለ ከብቱ ያዝናል። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል፤ ትሉ ግን አልጠፋም።

በሁለቱ መካከል የሚቆም ሰው ሲኖር ነው ነገሩ የሚታየው። ለሰው የተቆፈረ መጸዳጃ ቤት የበሬው መከላከያ ነው። ሰው በሜዳ መጸዳዳቱን ሲተው በሬው ከኮሶ ይድናል፤ በሬው ሲድን ሰው ይድናል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ መጸዳጃ ስታስተምር ባለ ከብቶቹን ሰብስቦ «ይህ የበሬያችሁ ጉዳይ ነው» የሚላቸው ሰው ያስፈልጋል። ለራሱ ጤና የማይቆፍር ገበሬ ለበሬው ሲል ሲቆፍር አይተናል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቅርጫ አንድ ቃል እንናገር። ለገናና ለፋሲካ በየሰፈሩ በቅርጫ የሚታረደውን በሬ የሥጋ መርማሪ አያየውም። የጉባኤዎቻችን ወጣቶችም በማኅበር እንደሚያርዱ እናውቃለን። ዐይን ያለው ሰው ከረጢቶቹን ሊያይ ይችላል፤ ባያያቸው ግን የሉም ማለት አይደለም። ሥጋው በደንብ ይብሰል። ጥሬ ካልሆነ አይሆንልኝም የሚል ወንድም ቢኖር፣ ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማሽን ውስጥ ለ10 ቀን ይቆይለት። ይህን ስንጽፍ ማን ሊሰማን እንደማይችል እናውቃለን፤ ከእኛም መካከል አንዳንዱ ክትፎ ወዳጅ ነው።

ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ከ100ው 99ኙ የሚይዛቸው ከውሻ ንክሻ ነው፤ ከሚነከሱትም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ከንክሻው እስከ ምልክቱ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ይህ ጊዜ የምሕረት ጊዜ ነው። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ከታጠበ፣ ክትባቱም ሳይዘገይ ከተጀመረ ልጁ ይድናል።

ችግሩ ክትባቱ ውድ መሆኑና በገጠር ጤና ጣቢያ ሁሉ አለመገኘቱ ነው። አባት ጥጃውን ሸጦ ልጁን ተሸክሞ ወደ ከተማ ይሄዳል። ለአንድ የተነከሰ ልጅ በሚወጣው ገንዘብ ግን ብዙ ውሾችን መከተብ ይቻላል። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መሻገር ያቅተዋል። ውሻን በመርዝ መፍጀት በብዙ ከተማ ተሞክሮ አልረዳም፤ የተከተበውም ካልተከተበው ጋር ይሞታል፤ በባዶው ስፍራ ከሌላ መንደር ያልተከተበ ውሻ ይገባል። ይህን የሚያሰላ፣ ውሾቹን የሚቆጥር፣ ከንክሻ መዝገቡ ጋር የሚያስተያይ ማን ነው? ጤና ጣቢያው የተነከሱትን ይመዘግባል፤ ውሻ ግን ሥራው አይደለም። የእንስሳት ክሊኒኩ በሬና ላም ያክማል፤ ውሻ የሚያመጣለት የለም። ልጁ በሁለቱ መዝገቦች መካከል ይወድቃል።

የተነከሰውን ልጅ በመጀመሪያ ለጸሎት ወደ እኛ የሚያመጡ ቤተሰቦች አሉ። ሽማግሌዎችና ወንጌላውያን ሆይ፣ ጸልዩለት፤ ነገር ግን ከመጸለያችሁ በፊት ቁስሉን እጠቡለት፤ እየጸለያችሁም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «እስኪ ጌታ ምን እንደሚያደርግ እንይ» ብሎ ልጁን ማቆየት እምነት አይደለም። ይህን በጥብቅ የምንናገረው እንዲህ ተብሎ የቆየ ልጅ ስለ ቀበርን ነው።

አሁን ደግሞ ከሀገራችን ውጭ ያለ አንድ ሥራ እንጥቀስ፤ ኮሚቴያችንን በመጨረሻ ያስማማው እርሱ ነውና። በቻድ በረሓ በ2000 አካባቢ የሰውና የእንስሳት ሐኪሞች በአንድ ቡድን ሆነው የዘላን አርብቶ አደሮችን ሰፈር መረመሩ። ከብቶቹ በብዛት ተከትበው ነበር። ከልጆቹ ግን ክትባቱን በሙሉ የወሰደ አንድም አልተገኘም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙ በመኪና ወደ ከብቱ ይሄዳል፤ የልጆች ክትባት ግን በከተማ ጤና ጣቢያ ተቀምጦ እናቶችን ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ የበረዶ ሣጥን አዋሓዱት። ባለ ከብቱ ከብቱን ለማስከተብ ሲመጣ ሚስቱና ልጆቹም አብረው ተከተቡ። ድርጅታችን በሚሠራባቸው ቆላማ ወረዳዎችም የሰው ጤና ሠራተኛ የማይደርስበት፣ የከብት ክትባት ግን የሚደርስበት ሰፈር አለ። እናቶች ለልጆቻቸው ክትባት ሁለት ቀን በእግር ይሄዳሉ፤ ወይም አይሄዱም።

እግዚአብሔር ለነነዌ በራራ ጊዜ ሕፃናቷን ብቻ ሳይሆን ከብቶቿንም እንደ ቆጠረ የዮናስ ታሪክ ያስታውሰናል። ዮናስ ይህን የሰማው ተቆጥቶ ተቀምጦ ሳለ ነበር።

ከዚህ በኋላ ችግሮቹን ሳንደብቅ እንናገር። አንደኛው የሥራ መደብ ነው። የእንስሳት ሐኪም በግብርና በኩል ይቀጠራል፤ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በጤና ሚኒስቴር ሥር ናቸው። ሁለቱ ወገኖች «አንድ ጤና» በሚል ስም በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ጀምረዋል፤ ይህ መልካም ነው። በወረዳ ደረጃ ግን በኅብረተሰብ ጤና የሠለጠነ የእንስሳት ሐኪም ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዶ «የምቀመጥበት ወንበር የቱ ነው?» ቢል መልስ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። አሠልጥነን ወንበር ካላገኘንለት ገንዘባችሁ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪ ከመላካችን በፊት ወረዳው ሲመለስ የሚቀበለው መሆኑን በደብዳቤ እንዲያረጋግጥልን እንጠይቃለን። ደብዳቤው ሁልጊዜ አይጸናም፤ ካለመኖሩ ግን ይሻላል።

ሁለተኛው የተሻለ ደመወዝ ነው። በቢሾፍቱና በሞጆ አካባቢ ለውጭ ገበያ የሚያርዱ ቄራዎች አሉ፤ ሥጋቸው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ኤሚሬትስ ይሄዳል፤ ገዢዎቹ ሀገሮች ጥብቅ ምርመራ ስለሚሹ ጎበዝ የእንስሳት ሐኪም ይቀጠራል። በዚህ አንወቅስም፤ ሀገርም ይጠቀማል። ነገር ግን ባሕር ተሻግሮ የሚበላው ሥጋ በሐኪም ዐይን ሲታይ፣ በመንደራችን ከዛፍ ሥር የሚታረደው ማንም ሳያየው መበላቱ አይከነክናችሁም?

ሦስተኛው ንቀት ነው። «የከብት ሐኪም ደግሞ ስለ ሰው ምን ያውቃል?» የሚል ቃል ከተማረው ሰው አፍም ይወጣል። አንድ ሠልጣኛችን በአንድ ጤና ጣቢያ ሦስት ወር ያህል ከጓሮ በኩል ተቀምጦ ነበር። ያስገባው አባ ሰንጋ ነው። አንድ በሬ ድንገት ወድቆ ሲሞት ባለቤቶቹ ሥጋው እንዳይባክን ብለው አረዱት፤ ከሁለት ቀን በኋላ አራት ሰዎች በእጃቸው ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል አውጥተው መጡ። ሠልጣኙ ቁስሉን አይቶ፣ «በሬው የት ታረደ?» አለ። የተረፈውን ሥጋ ከየቤቱ አሰባሰበ፤ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ አስቀበረ፤ የአባ ሰንጋ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራልና ቦታውን በእሾኽ አሳጠረ። ሰዎቹ በጊዜ ታክመው ተረፉ። ከዚያ ወዲህ የጤና መኮንኑ ወንበሩን ከአጠገቡ አድርጎለታል።

ለአባታችን በቀጥታ እንመልስ። ገንዘቡ የተሰጠው ለታመመ ሰው ነው፤ የዋለውም ለእርሱ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እናምናለን፤ ሥልጠና ፍሬው የሚዘገይ ሥራ ነው፤ የተራበ ሰው ደግሞ ዛሬ ነው የሚርበው። በድርቅ ዓመት ሁለቱ ቢጋጩ እህሉን እናስቀድማለን። ይህን በሪፖርታችን ላይ ለይተን እናሳያለን፤ ለትምህርት የዋለውን ከእህሉ ጋር አንቀላቅልም።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች የሚከተለው ከአሁን ጀምሮ ግዴታ ነው። ፍየል፣ በግ ወይም ላም የእንስሳት ሐኪም ደሟን ሳይመረምር አይከፋፈልም። የተገዛው ከብት ከመከፋፈሉ በፊት ለብቻው ተለይቶ ይቆያል፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ ሐኪሙ ይወስናል፤ የመኖውን ወጪ በእቅዳችሁ ውስጥ ጻፉ። ለምታስረክቧት እናት ከፍየሏ ጋር የወተት ማፍያ ድስት ስጧት። ከብት ሲጨነግፍ በባዶ እጅ አይነካ፤ ቢያንስ ላስቲክ በእጅ ላይ ይታሰር። ድንገት የሞተ ከብት አይገፈፍ፣ አይበለት። ጭንገፋ በበዛበት መንደር ትኩሳት ያለበትን ሰው ስታዩ ለጤና ጣቢያው ስለ ፍየሎቹም ንገሩ።

ለጉባኤዎች ደግሞ፦ ሠልጣኞቻችን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጋር በመተባበር ከእሑድ አምልኮ በኋላ ወደ አንዳንድ ጉባኤዎች እየመጡ ውሾችን ይከትባሉ። ቀኑን ለየጉባኤው ሽማግሌዎች አስቀድመን በደብዳቤ እናስታውቃለን። የጎረቤቶቻችሁንም ውሾች፣ የየትኛውም ሃይማኖት ሰው ቢሆኑ፣ ጥሩልን። ውሻው በገመድ ይታሰር፤ ገመዱንም የሚይዘው ልጅ ሳይሆን ዐዋቂ ይሁን። በግቢው ውስጥ ውኃና ሳሙና አዘጋጁ።